ጋሼ ያረሙልኝ ታሪክ የኔ አልመስል አለኝ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ሀዋሳ ሲሆን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ያደግኩት ይርጋለም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አጎቴ ወደ ሀዋሳ ወስደው አስተማሩኝ። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአማርኛ መምህር ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣም የምወደው አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። መጨረሻው ግን ጨርሶ አላረካኝም። ኃይሉ ውጭ አገር ሄደ፣ ፀሐይ ቀረች፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ኃይሉ ቢመለስ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ ቀጣዩን ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው ስልኬ ላይ ነው። ፋርማሲው ጭር ሲል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ማታ አልጋ ላይ። አሁን 14 ምዕራፍ ደርሷል። አንዷ ጓደኛዬ «የሰው ታሪክ ቀጥለሽ ምን ልታገኚ ነው?» ብላኛለች።

እንዲህ ዓይነት ታሪኮችን የሚለጥፍ አንድ የቴሌግራም ቻናል አለ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ላኩላቸው። አድሚኑ «ታሪኩ ይስባል። ግን አንቀጽ የለውም፣ ማን እንደሚናገር አይለይም፣ የፊደል ስህተት ይበዛበታል። አርመሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ላኪልን» አለኝ። ደነገጥኩ። ግን እውነቱን ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ደስታቸውን አይጠይቁኝ። ወረቀት ላይ አሳትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ሰጡኝ። ገጹ በሙሉ ቀልቷል። ፊደሉን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰዎቹ የሚነጋገሩትንም ቀይረውታል። ፀሐይ በር ከፍታ «መጣህ?» የምትልበትን ቦታ «እንኳን በደኅና መጣህ፤ መንገዱ እንዴት ነበር?» አድርገውታል። ስህተት የለውም። ግን ሳነበው ፀሐይን አጣኋት። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን አልከፈትኩትም።

እሳቸው እንዳረሙት ብልከው የኔ አይደለም። ትቼው ብልክ ደግሞ ያዝኑብኛል። በየማታው «ላክሽው?» ይሉኛል። ቤት ውስጥ ያደግኩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛ ስጽፍ ፊደል በሳትኩ ቁጥር ያሳፍረኛል። አንዳንዴማ በማላውቀው ነገር ምን አገባኝ ብዬ ልተወው እላለሁ። ምን ይሻለኛል?

ሚ. ነኝ፣ ከሀዋሳ

ውድ እህቴ ሚ.፣

ከደብዳቤሽ ጋር ያያዝሻቸውን ሦስት ምዕራፎች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። መጀመሪያ የማምነውን ልንገርሽ። ያቺን «መጣህ?» እንዳትነኪያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያላሰማትን ሰው በሯ ላይ ያገኘች ሴት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? «እንኳን በደኅና መጣህ» ለእንግዳ ነው። ቅያሜዋም፣ ናፍቆቷም፣ ንዴቷም እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ገብቷል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። የታረመውን ስታነቢ የከፋሽ ለዚህ ነው።

አድሚኑም ግን እውነት አለው። እሱ የተናገረው ስለ ጽሑፉ አቀማመጥ ነው። ጋሼ የነኩት ደግሞ ድምፅሽን ነው። ሁለቱ ተቀላቅለውብሽ ነው እንዲህ የተጨነቅሽው። ነጣጥለን እንያቸው።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ቦታ ልውሰድ። አንቺ የላክሽው እንዲህ ይላል፦

ፀሐይ በሩን ከፈተች መጣህ አለችው አዎ አለ ዝም አሉ ፡፡ ግባ እንጂ አለች ጸሀይ አላመሽም አለ ሻንጣውን ግን አስቀመጠው::

አሁን ደግሞ እንዲህ ብናስቀምጠውስ?

ፀሐይ በሩን ከፈተች።

«መጣህ?»

«አዎ።»

ዝም አሉ።

«ግባ እንጂ።»

«አላመሽም» አለ ኃይሉ። ሻንጣውን ግን አስቀመጠው።

ከኃይሉ ስም በቀር አንድም ቃል አልጨመርኩም። ጥቂት «አለ» እና «አለች»፣ አንድ «ጸሀይ»ም ብቻ ወጥተዋል። የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው፦ ተናጋሪው ሲቀየር መስመር ቀየርኩ፣ ንግግሩን በትእምርተ ጥቅስ አጠርኩ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አራት ነጥብ አደረግኩ። ያቺ የሻንጣ ነገር ግን እንዴት ቁልጭ ብላ እንደወጣች አየሽ? አላመሽም እያለ ሻንጣውን የሚያስቀምጥ ሰው! ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ቃላቱ ተጣብቀው ስለተጻፉ አንባቢው ሳያያት ያልፍ ነበር። አድሚኑ የጠየቀሽ ከዚህ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

ወደሚያሳፍርሽ ነገር ልምጣ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአማርኛ ሲነገሩ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ልዩነቱ ከግእዝ የመጣ ነው፤ አሁን ጆሮ ሊለየው አይችልም። በአማርኛ አፉን የፈታም ሰው ቢሆን ከጽሑፍ ካልለመደው በቀር ይሳሳታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሲዳሙ አፎ ማደግሽን ከዚህ ጋር አታያይዢው፤ አይገናኙም። እስኪ ከተማሽ ውስጥ ስትዘዋወሪ ታፔላዎቹን ልብ በያቸው። አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሃዋሳ» ይላል፤ «አዋሳ» የሚለውም አለ። አንቺም በደብዳቤሽ ሦስት ዓይነት አድርገሽ ጽፈሻት ነበር፤ ስናትመው አንድ አደረግናት። ማንም ባለ ባጃጅ መንገድ አይስትም።

በታሪክ ውስጥ ግን አንድ ነገር ያስቸግራል። የዋና ገጸ ባሕርይሽ ስም በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሆኗል። አንባቢ ይገባዋል፣ ግን ዓይኑ ላይ ቆርቆር ይለዋል። ስልክሽና ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሁለቱን የተለያዩ ቃላት አድርገው ነው የሚያዩዋቸው። «ፀሐይ» ብለሽ ብትፈልጊ «ጸሀይ» አይመጣልሽም። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ዎርድ ወይም ጉግል ዶክስ ገልብጪው፤ ስልክሽ ላይ ያለው እንዳለ ይቀመጥ። ከዚያ የስሞችን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ፀሐይ፣ ኃይሉ፣ እናትየዋ፣ ሰፈሩ። ለእያንዳንዱ አንድ አጻጻፍ ምረጪ። ሌላ ሌላውን አጻጻፍ እየፈለግሽ በመረጥሽው ተኪው። ሙሉ ስሙን ነው የምትተኪው፤ ነጠላ ፊደል በጅምላ ለመተካት ብትሞክሪ ያልታሰበውን ቃል ሁሉ ያበላሽብሻል። እንደ «ዓመት»፣ «ሥራ»፣ «ሕይወት»፣ «ንጉሥ» ላሉት አጻጻፋቸው ለተለመደ ቃላት ደግሞ ቤትሽ ውስጥ መምህር አለልሽ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

በዚያው መፈለጊያ የምታስተካክያት ሌላ ነገር አለች። አራት ነጥብን አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት፣ ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ነጥቦች ሠርተሻታል። ሁሉንም ራሷን በቻለችው «።» ተኪያቸው። ከነጥቡ በፊት ያለውንም ክፍት ቦታ አጥፊው። ያ ክፍት ቦታ ሲኖር ነጥቡ ከቃሉ ተነጥሎ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሊወድቅ ይችላል፤ ስልክ ላይ በጣም ያስጠላል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው።

ጊዜ ሰጥተሽ እንድትሠሪው የምፈልገው ግን ድምፅ አውጥቶ ማንበብን ነው። በርሽን ዝጊና ሦስቱንም ምዕራፎች ለራስሽ አንብቢያቸው። ስልክሽ ላይ ቅጂውና መልሰሽ ስሚው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንቺ ስትጽፊ በልብሽ የሰማሽው ድምፅ ወረቀቱ ላይ የለም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የኃይሉ እናት «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ይመታል» ይላሉ። ሰው ይመታል ማለታቸው ነው ወይስ ሰው ይመታዋል? እኔ ቆሜ አሰብኩ። «አንድ ቀን ይመቱታል» ብትያት ጥርጣሬው ያልቃል። አንደበትሽ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊኖር ስለሚችል ምልክት አድርጊበት።

ስታነቢ የአክብሮት አጠራሩንም ተከታተይ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ኃይሉ የፀሐይን እናት «እርስዎ» ይላቸዋል። ሦስተኛው ላይ ድንገት «አንቺ» አላቸው። አስበሽበት ነው? አስበሽበት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ እናትየዋ ሲደነግጡ፣ ፀሐይ ስትሸማቀቅ ማሳየት አለብሽ። የጣት ስህተት ከሆነ ደግሞ ቶሎ አስተካክይው። የኛ አንባቢ የነጠላ ሰረዝ ጉድለት ይቅር ሊል ይችላል፤ አማቱን «አንቺ» ያለ ወንድ ግን አያልፍለትም። ትረካው ውስጥም «እናቷ መጡ» ካልሽ በኋላ «ቁጭ አለች» እንዳትይ።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ጭንቀትሽ ያለው እዚህ ነውና።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስንት የተማሪ ደብተር ቀርቦላቸዋል? አንቺ ያን ጽሑፍ ስትሰጫቸው የሚያውቁትን፣ ዕድሜያቸውን የሰጡትን ሥራ ነው መልሰሽ ያመጣሽላቸው። ያ ሁሉ ቀይ ቀለም አንቺን ለማሳነስ አይመስለኝም። ያሳደጓት ልጅ ጸሐፊ ልትሆን ነው ብለው ተደስተው ነው። እንዳታፍሪ ብለውም ይሆናል። የማስተማሪያ አማርኛ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወዳል። ፀሐይ ግን ፈተና እየተፈተነች አይደለም፤ በሯ ላይ ቆማ ነው።

ስለዚህ አትሽሺያቸው። በየማታው «ላክሽው?» ሲሉሽ ዝም ማለትሽ ከእውነቱ የበለጠ ሊያሳዝናቸው ይችላል። እሁድ ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሲረጋጋ አጠገባቸው ቁጭ በይ። የታረመውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ያረሙልሽን ፊደል መጀመሪያ አሳያቸው፤ የተቀበልሽውን አንድ በአንድ ንገሪያቸው። ብዙ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ፊደሉንና ነጥቡን እንዳረሙልኝ አስገብቼዋለሁ። ሰዎቹ የሚነጋገሩትን ግን በራሴ አነጋገር ልተወው ፈልጌያለሁ። እስኪ ላንብብልዎትና ይስሙት።» ከዚያ ያን የበሩን ቦታ አንብቢላቸው። ወረቀት ላይ እንደ ስህተት የታያቸው ነገር ከአንቺ አፍ ሲሰሙት ሌላ ሊሆንባቸው ይችላል።

ካልተስማሙስ? ሊሆን ይችላል። «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» ሊሉሽ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው። «ገብቶኛል ጋሼ፣ ይቺን ብቻ በኔ ይተዉልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ላሳደገ ሰው የሚገባው አክብሮት አለ። ፀሐይ ምን ትበል የሚለውን ግን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ጽፈሽ የፈጠርሽው አንቺ ነሽና። ለቀጣዮቹ ምዕራፎች ደግሞ ሥራቸውን አስቀድመሽ ለይተሽ ስጫቸው፦ ፊደል፣ ነጥብ፣ በአንድ ቦታ «አንቱ» በሌላ ቦታ «አንተ» የተባለ ሰው። ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚሠራልሽ የለም። ታሪኩ ሲለጠፍ ከላይ «ጽሑፉን ላረሙልኝ ለጋሼ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር ብታስገቢ እኔ ደስ ይለኛል። እሳቸውማ ስንት ሰው ያሳዩታል!

ሌላ አንድ አንባቢም ያስፈልግሻል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከመለጠፉ በፊት የሚያነብላቸውን ሰው «ቤታ» ይሉታል። ድራማውን ያየች፣ የምታምኛት፣ ፊት ለፊት የምትነግርሽ ሰው ፈልጊ። «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ «አሪፍ ነው» ትልሻለች፣ አለቀ። «የት ጋ ሰለቸሽ? የት ጋ ማን እንደሚናገር ጠፋብሽ?» በያት። «የሰው ታሪክ ቀጥለሽ» ያለችሽን ጓደኛሽን ለዚህ ሥራ አትምረጫት። ክፉ ሆና ላይሆን ይችላል፤ ነገሩ ስላልገባት ነው። አንባቢዎች እንዲህ የሚጽፏቸውን ታሪኮች የሚያኖረው «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2019 የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ሁጎ በሳይንስ ልቦለድና በምናባዊ ድርሰት ዓለም ትልቅ ስም ያለው ሽልማት ነው። ከፈለግሽ ንገሪያት።

ድራማው የሌላ ሰው ድካም መሆኑን ግን አትርሺ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለሥራው ባለቤት ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ አናት ላይ የድራማውን ስምና የደራሲውን ስም ጥቀሺ፣ ቀጣዩ ያንቺ ፈጠራ መሆኑን ግለጪ፣ ከድራማው ቃል በቃል አትገልብጪ፣ ገንዘብ አትጠይቂበት። ደራሲውን በማኅበራዊ ገጹ ላይ ማግኘት ከቻልሽ በትሕትና ፈቃድ ብትጠይቂ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው።

የሚለጠፈው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ጠብቂ። አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4,096 ሆሄ በላይ አይዝም፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። የአንቺ ምዕራፎች ከዚህ ይረዝማሉ። ዝም ብለሽ ብትለጥፊው ቴሌግራም ራሱ ይቆርጠዋል፣ የሚቆርጠው ደግሞ የኃይሉ ንግግር መሃል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የት እንደሚቆረጥ አንቺ ወስኚ፤ አንድ ትዕይንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ። ወይም አድሚኑ ከፈቀደ ምዕራፉን በሙሉ ቴሌግራፍ በተባለው የረዥም ጽሑፍ መለጠፊያ ገጽ ላይ አድርገሽ ሊንኩን ላኪለት። ለማንም ከመላክሽ በፊት ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ለራስሽ ላኪውና በስልክ እይው። ከዎርድ ሲገለበጥ መስመሮቹ ተጣብቀው ወይም ከመጠን በላይ ተራርቀው ሊመጡ ይችላሉ። የምዕራፉን ርዕስ ደመቅ አድርጊው፤ ሌላውን ተይው። የፀሐይን ሐሳብ ለማሳየት ፊደሉን ማጋደልም አይጠቅምሽም፤ የኛ ፊደል ሲጋደል ለማንበብ ያስቸግራል። «ብላ አሰበች» ይበቃል።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀርሻል። ይበቃሻል፤ የተጠየቅሽው ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለራስሽ አድርጊው፦ መስመሩን ለይ፣ ስሞቹን አስተካክይ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ። እሁድ ከጋሼ ጋር ተነጋገሪ። ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ለሁለቱ አንባቢዎችሽ ስጪ። የምትልኪበትን ቀን ዛሬውኑ ለጋሼ ንገሪያቸው፤ የማታው ጥያቄ ይቀርልሻል። በዚያ ቀን አንድ ነጥብ ብታመልጥሽም ላኪው። ስትነካኪ ስትነካኪ ወሩ እንዳያልፍብሽ።

አድሚኑ እንደገና ቢመልሰው «የቱ ቦታ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አንድ ምሳሌ እንዲያሳይሽ ለምኚው። «ስህተት ይበዛል» የሚለውን ብቻ ይዘሽ አትመለሺ፣ ምንም አያሠራሽም። ከተቀበለሽ ደግሞ የቀሩትን 11 ምዕራፎች ተራ በተራ፣ ለመለጠፍ ሲደርሱ ብቻ አርሚያቸው። ሦስቱ ከመለጠፋቸው በፊት ግን አራተኛውን አትክፈቺው።